ስለ አረንጓዴው ቁልፍና ስለ ቀላሉ ሥራዬ

ለተከበሩ የካርቶን ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የአሥሩንም ጣቶችዎን ጤንነት እየተመኘሁ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ከቀኝ እጄ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በግራ እጄ ጽፌ በፋብሪካው በር ላይ የለጠፍኩት፣ የተጎዱ ሠራተኞችን ወደ ሥራ ስለሚመልሱበት ደግነት በአደባባይ ለማመስገን ነው። ለጽሑፌ መንጋደድ ይቅርታ ይደረግልኝ።

፩. ካርቶን መቁረጫው እጄን ከወሰደ በኋላ ቀላል ሥራ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። በእርግጥም ከዚህ የቀለለ አይገኝም፤ ጠዋት ጠዋት መግቢያው ላይ ቆሜ፣ መቁረጫዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስነሣውን አረንጓዴ ቁልፍ በአንድ ጣት እጫናለሁ። ጣቱን ስለተዉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ስለ እጄ አይጨነቁ፤ የትም አልሄደችም። ማሽኖቹ ሲነሡ የሌሉት ጣቶቼ ይጨበጣሉ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ባዶውን እጅጌዬን ሊያጥፍልኝ ሲጠጋ፣ ጣቶቼን የነካብኝ እየመሰለኝ እሸሻለሁ፤ እሱ ደግሞ የተቀየምኩት ይመስለዋል። እውነቱን ልነግረው እፈራለሁ።

፫. እጅን ከስለቱ የሚከልለው የመቁረጫው መከለያ ዛሬም መጋዘን ውስጥ ነው። ፎርማኑ ሥራ ያዘገያል ብሎኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሉኝ፣ የእኛ ጅብ ገና አልሄደም።

፬. ቦታዬ ባዶ እንዳይቀር የእህቴን ልጅ ስለቀጠሩበት ቤተሰባችን በሙሉ ባለውለታዎ ነው። እኔ ከምቆምበት ሆኜ እሷን ማየት አልችልም፤ ምሰሶው ይጋርዳታል። ትናንት ወደ ሥራዋ ስታልፍ ጠጋ ብላ፣ «አክስቴ፣ ከመጫንሽ በፊት ጥሪኝ» አለችኝ። ጠራኋት። አቤት እስክትል ድረስ ጣቴን ወደ ቁልፉ አላስጠጋሁም።

ስለዚህ መከለያው እስኪገጠም ድረስ ቁልፉን እንደማልጫን በትሕትና አስታውቃለሁ። ሊያባርሩኝ እንደሚችሉ አላጣሁትም፤ ቤታችንም ከዚህ ደመወዝ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ቢሆንም አልጫንም።

ከውለታዎ ጋር አብራ የምታድርና የምትነሣ፣
ከመቁረጫ ክፍል ወደ መግቢያው የተዛወረች ሠራተኛዎ

ማሳሰቢያ፦ ወደ ሥራ ስመለስ በስጦታ ከሰጡኝ ጥንድ ጓንት የቀኙን ከነማሸጊያ ላስቲኩ ከደብዳቤው ሥር ሰቅዬዋለሁ። ነገ ጠዋት ቁልፉን ራስዎ የሚጫኑት ከሆነ ያጥልቁት። ብቻ እባክዎ፣ አስቀድመው ልጅቷን ይጥሯት፤ አቤት እስክትልም ይጠብቁ።