ቆማጣ ያለችኝ ሴት

ሰኞ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ እንጅባራ

አልምራትም። ወይዘሮ ጥሩነሽን አልምራትም። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቺም ይበዛባታል። ዛሬ ከሠላሳ ሁለት ተማሪዎቼ የመጡት አሥራ አንድ ናቸው። የቀሩትን እናቶቻቸው «ከቆማጣ መምህርት እጅ ጠመኔ እንዳትቀበሉ» ብለው አስቀሯቸው። ወሬው የወጣው ከእሷ አፍ ነው። ልጇ ታደሰ እጮኛዬ ነበር፤ ከቅበላ በፊት ልንጋባ። አንገቴ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር አየችና ሽማግሌ ልካ አፈረሰችው። ታደሰ ዝም አለ። እሱንም ይዤበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፳፭

በጭነት መኪና ዳንግላ ሄድኩ። የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ መኮንን ዓይኔን አስጨፍኖ ነጩን ቦታ በመርፌ ጫር አደረገኝ። ጮህኩ። ሳቀ።

«ቁምጥና ቢሆን ባልተሰማሽ። ይሄ ቋቁቻ ነው፣ እህቴ።»

እዚያው አለቀስኩ።

ብርቱካን የሚመስል፣ ድኝ ድኝ የሚሸት ፈሳሽ ሰጠኝ። ሴሌኒየም የሚባል ከመሬት የሚወጣ ነገር አለበት አለ። መቀባት፣ ትንሽ ቆይቶ መታጠብ። «ወደ አፍሽ እንዳይጠጋ፤ መርዝ ነው። የሚገርመው፣ እጅግ ጥቂቱ ለሰውነት ሳያስፈልግ አይቀርም ማለት ጀምረዋል። ዋናው ልኩ ነው።»

ረቡዕ፣ ጥር ፳፮

ቀባሁ፤ ታጠብኩ። ቅርፊቱ መልቀቅ ጀምሯል። ንጣቱ ግን እዚያው ነው። እስኪጠፋ ወራት ይፈጃል ብሎኛል። ወራት! እስከዚያ ማን ያምነኛል?

ዛሬ ክፉ ነገር አሰብኩ። ጠርሙሱን አየሁ፤ የጥሩነሽ የጠላ ዋንጫ ታወሰኝ። የምጽፈው እንዳፍርበት ነው። ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ደግሞስ ከሞተች ስታፍር መቼ አያታለሁ?

ዓርብ፣ ጥር ፳፰

ተማሪ ሰባት። አለቃ ወርቁን፣ የደብሩን ሽማግሌ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን እንዲያቆሙልኝ ለመንኳቸው።

«ብትተይው፣ ልጄ?»

«አልተወውም፣ አባቴ።»

እሑድ፣ ጥር ፴

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመ። ነጠላዬን ከአንገቴ ገፍፌ ይዤ የመጣሁትን መርፌ ለራሷ ለጥሩነሽ ሰጠኋት።

«ይውጉኝ፣ እትዬ። ቆማጣ ከሆንኩ አይሰማኝም።»

መርፌውን መልሳ ዘረጋችልኝ። «እኔ አልነካሽም።»

«ስሜን ሲያነሱ እኮ አልፈሩም።»

አለቃ ወርቁ «ውጊያት» ብለው አዘዟት፤ ዓይኔን ሸፈንኩ። በወጋችኝ ቁጥር «ይኸው!» እያልኩ ቦታውን በጣቴ አሳየሁ። አራት ጊዜ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ በአውኝም በአማርኛም፣ በእሷ ላይ።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱባት። ድንጋይ ተሸክማ እግሬ ሥር ተንበረከከች። «ማሪኝ» አለች። ካልማርኳት አታወርደውም። ዝም አልኩ። የልጆቹን እናቶች አንድ በአንድ እያየሁ ዝም አልኩ። አንገቷ ሲርገበገብ አየሁ፤ አሁንም ዝም። አለቃ ወርቁ «ልጄ!» ሲሉ ነው «ምሬያለሁ» ያልኩት። በአፌ።

ሰኞ፣ የካቲት ፩

ሃያ ዘጠኝ መጡ! ታደሰም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ።

«እናቴ ፈቅዳለች። ለቅበላ እንደርሳለን።»

«እናትህስ ድንጋይ ተሸከመች። አንተ ምን ተሸከምክ?»

ጥዬው ሄድኩ። ለዚህች ቃል ስንት ቀን ተዘጋጅቼ ነበር፤ አንጀቴ ራሰ። ቤት ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ኮቴውን እያዳመጥኩ ቆምኩ። አልተከተለኝም።