አባባ በድልድዩ አይመለሱም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ስፌት ላይ ስታጎነብሺ የሚይዝሽ የትከሻ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ታባብዪዋለሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ ጉንፋኑ ተሻለው? ልጆቹስ ትምህርት ለመዱ? አባባ እንዴት ናቸው? ደረጃውን ያለ ደጋፊ ይወርዳሉ? ዓይናቸውስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆቱንም ዘንድሮ ቀን ስለተቆረጠለት እየቻልኩት ነው።

ሳላንዛዛ ልንገርሽ፤ ጉዞው አልቀረም። እዚህ ድረስ አንብበሽ ደብዳቤውን አስቀምጪና መጀመሪያ ለአባባ ንገሪያቸው። ሌላው ይደርሳል።

ፖስታውን ያመጣችልሽ ነርስ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ለዕረፍት ስትመጣ በእጅሽ እንድትሰጥልኝ ለምኛት ነው። ውስጡ የሁለታችሁ ትኬት፣ የጥሪ ወረቀቱ ዋናው ቅጂና እኔ በእጄ የጻፍኩት የጉዞ ዝርዝር አለ። በስልክ እንዳላስረዳሽ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ትሰሚና ግማሹን ትገምቻለሽ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ደውዬ «ነገሩ ተበላሽቷል» ስልሽ ያልሽኝ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። «ኮታቸውን እኮ ሰፍቼ ጨርሻለሁ» አልሽና ስልኩ ተዘጋ። መስመሩ ይሁን አንቺ የዘጋሽው አልጠይቅሽም።

ያን ቀን በቅጡ ስላልነገርኩሽ አሁን ከሥሩ ልጀምርልሽ። ፏፏቴው ያለው ሁለት አገር ድንበር ላይ ነው፤ ከእኔ ከተማ በአውቶቡስ ሰባት ሰዓት ያስኬዳል። በእኔ በኩል ቆሞ የሚታየው የውሃው ጀርባ ብቻ ነው። ሲወድቅ ፊት ለፊት ለማየት ድልድዩን በእግር ተሻግሮ ማዶኛው አገር መቆም ያስፈልጋል። እኔም ያቀድኩት በአውሮፕላን እኔ ዘንድ እንድትመጡ፣ አብረን ወደ ፏፏቴው እንድንሄድ፣ ጠዋት ተሻግረን አይተን ከሰዓት በኋላ በድልድዩ እንድንመለስና ከዚሁ እንድትሳፈሩ ነበር።

የቪዛውን ፎርም የሞላሁላችሁ እኔ ነኝ። «ስንት ጊዜ ይገባሉ?» የሚል ሣጥን አለው። እጄ «1» ብሎ ጻፈ። ትራንዚተር ነኝና ውዬ የማድረው የሰው ዕቃ በጉምሩክ ሳሳልፍ ነው። በእኛ ሥራ አንድ ጭነት ድልድዩን ተሻግሮ እሽጉ ሳይነካ በዚያው ቀን ቢመለስ እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ ጉዞው አንድ፣ ወረቀቱም አንድ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስሞላ ኖሬያለሁ። የእኔ የመኖሪያ ካርድ ደግሞ ደጋግሞ ያስወጣል፣ ደጋግሞ ያስገባል፤ ድልድዩ ላይ «ቁም» ያለኝ ሰው የለም። ለእናንተ ግን ቪዛው አንዴ ብቻ የሚከፈት በር ነው። ከወጣችሁበት ወዲያ ተመልሶ አይከፈትም፤ አውሮፕላናችሁ ደግሞ የሚነሳው ከበሩ ወዲህ ነው።

ስህተቱን ያገኘው የቢሮ ባልደረባዬ ነው። ማንኛውንም ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳያነብ ስለማይፈርም «ማኅተም» እንለዋለን። ሰኞ ምሳ ላይ ዕቅዴን በኩራት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ «ሽማግሌው በየት ነው የሚመለሱት?» አለኝ። በድልድዩ ነዋ አልኩት። «በምን ቪዛ?» አለኝ። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። «አንተ ሰው፣ አባትህን እንደ ኮንቴይነር አሽገህ ልታሳልፋቸው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው።

በማግስቱ ጠዋት የቪዛ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት በትዕግሥት ሰማችኝ፤ መልሷ ግን አጭር ነበር። የተሰጠውን ማሻሻል አይቻልም፣ አዲስ ማመልከቻ ደግሞ ሁለት ወር ይወስዳል። ሁለት ወር ውሃው አይጠብቀንም። ቀኑን የመረጡት ራሳቸው አባባ አይደሉ? ክረምቱ እንደወጣ ውሃው ስለሚበዛ ጭጋጉ ሁሉን ይሸፍነዋል፣ ከኅዳር ካለፈ ደግሞ ይሳሳና ገደሉ ባዶውን ይቀራል ብለውኛል። ለከርሞ እንዳንለው ሐኪሙ ስለ ዓይናቸው ያለውን አንቺም እኔም ሰምተናል። ከርሞ ፏፏቴው ለእሳቸው ድምፅ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ወንዙ ዳር ወርደው የውሃውን ከፍታ ከመለኪያው ላይ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ራት ላይ «ዛሬ የሸኘሁት ውሃ ፏፏቴው ጋ የሚደርሰው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው» ሲሉን ትዝ ይልሻል? በየቀኑ ሲሸኙት ኖረው ሲደርስ ሳያዩት ሊቀሩ ነው፤ ያውም እኔ በጻፍኳት አንዲት ቁጥር። ለአንቺ ስደውል በዚህ ሁኔታ ላይ ነበርኩ።

እሑድ ለራሳቸው ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ስናገር ሳያቋርጡ ሰሙኝ። እንደጨረስኩ «ማዶ አውሮፕላን የለም?» አሉኝ። ትንሽ ማረፊያ አለ አልኳቸው። «ታዲያ ምን ልሠራ እመለሳለሁ? ወንዙስ መች ተመልሶ ያውቃል?» ብለው ሳቁ። ያቺ ጠያቂ ትንሿ ልጅሽ አጠገባቸው ሆና «አያያ፣ አጎቴ ምን አለ?» ስትል ይሰማኛል። «አጎትሽ ጭነት እንጂ ሰው ማጓጓዝ አልለመደም» አሏት። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እንዴት እንደማስመልሳቸው ስጨነቅ፣ እሳቸው መመለሱን ራሱ ሰረዙት። ይህን ነግረውሽ ይሆናል፤ የሚሆን ነገር መሆኑን ግን ያን ቀን እኔም አላወቅኩም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ትኬት ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆምኩ። እርሳስ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ጠና ያለች ሴት አስተናገደችኝ። ከማዶኛው ማረፊያ በሳምንት ሦስት ቀን የሚነሳ ትንሽ አውሮፕላን አገኘችልኝ። ሌላ ሦስተኛ አገር ያለ ትልቅ ከተማ ያደርሳችኋል፤ እዚያ አምስት ሰዓት ጠብቃችሁ ወደ ቤት ትበራላችሁ። ከመጠበቂያው አዳራሽ እስካልወጣችሁ ድረስ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ጊዜ ደግሜ ብጠይቃት «አባቱን የሚወድ አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም አባት አለኝ፣ አረጋግጫለሁ» አለችኝ።

ወረቀት አንዴ አሳፍሮኛልና ረቡዕ ከጭነት መኪና ጋር ድልድዩ ድረስ ራሴ ሄድኩ። የማዶው ሹም ለዓመታት የሚያውቀኝ ሰው ነው። «ሁልጊዜ ሣጥን እያመጣህ ታደክመናለህ፤ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» አለኝ። አባቴንና እህቴን ላመጣ ነው ስለው ወንበሩን አስተካክሎ ተቀመጠ። ሰባት ቀን የሚያቆይ ፈቃድ እዚያው በሩ ላይ እንደሚሰጥ፣ የመሄጃ ትኬትና ሁለት ሁለት ፎቶግራፍ ብቻ እንደሚጠየቅ ነገረኝ። በጽሑፍ አሳየኝ አልኩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በጣቱ አሳየኝ፤ እኔም በስልኬ አነሳሁት። ቢሮ ስመለስ ማኅተም ሦስት ጊዜ አነበበውና ምንም ሳይል መለሰልኝ። እሱ ዝም ካለ አለፈ ማለት ነው። እትዬ፣ ከጀርባዬ ላይ ኩንታል ያወረዱልኝ ያህል ቀለለኝ።

እንግዲህ ልብ ብለሽ ያዢው። የምትነሱት ኅዳር 22 ነው። ትኬቱ ላይ 14:20 የሚለው በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው፤ ሁሉንም ቀንና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጎኑ በእስክሪብቶ ጽፌልሻለሁ። ለአባባ በቀኝ ረድፍ የመስኮቱን ወንበር አስይዣለሁ፤ የሚሻላቸው ቀኝ ዓይናቸው ስለሆነ ነው። ለኮታቸው ፓስፖርት የሚይዝ የውስጥ ኪስ ስፊለት። መቀስሽን በእጅ ሻንጣ እንዳትይዢ፤ ያለ እሱ ከቤት እንደማትወጪ አውቃለሁ፣ ፍተሻው ላይ ግን ይወስዱብሻል። እኔ ዘንድ ሦስት ቀን ታርፋላችሁ። አንድ ክፍል ብትሆንም አልጋውን ለአባባ፣ ፍራሹን ለአንቺ አዘጋጅቻለሁ፤ እኔ ወለሉ ይበቃኛል። ኅዳር 26 በአውቶቡስ እንሄዳለን፣ 27 ጠዋት እንሻገራለን፣ በማግስቱ ከማዶ ትሳፈራላችሁ። በድልድዩ ብቻዬን የምመለሰው እኔ ነኝ። እሱን ያኔ እችለዋለሁ።

ለጋሼ እንደ ታላቅ ወንድሜ የማከብረው መሆኔን ንገሪልኝ፤ ሁለታችሁ ስትወጡ ቤቱን እሱ እንደሚይዝ አውቃለሁ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ ትበርታ፤ የላከችልኝ ሥዕል ከመስኮቴ አጠገብ ተሰቅሏል። ለጠያቂዋ ደግሞ ውሃው ሲወድቅ ያመዋል ወይ ላለችኝ፣ ሄጄ አይቼ እመልስላታለሁ በያት። የላይኛዋን ጎረቤታችንን፣ አባባን ደረጃ ስታለማምዳቸው የከረመችውን፣ ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ለአባባ ግን ሰላምታዬን ከአንድ አደራ ጋር አድርሺልኝ። ኅዳር 8 ጠዋት ወንዙ ዳር ውሰጃቸው። መለኪያውን የተረከበቻቸው ሴት እንደማትከለክላቸው እርግጠኛ ነኝ። እንደ ዱሮው ራሳቸው አንብበው ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉና ኪሳቸው ውስጥ ያኑሩት። ያ ውሃ ፎርም ሳይሞላ፣ መስኮት ላይ ሳይሰለፍ ከእናንተ ቀድሞ መንገድ ይጀምራል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቁጠሪ። ኅዳር 27 ጠዋት ማዶ ስንቆም እሱም ይደርሳል፤ አባባም የሸኙትን ውሃ ራሳቸው ይቀበሉታል።

በናፍቆት፣
ፎርሙ ላይ «1» ብሎ የጻፈው ወንድምሽ

ከጉምሩክ መጋዘኑ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት 14 ቀን