ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጨልመው ሞኒተር

ኅዳር 6፣ 2011

የሔሩይ ወንበር ዛሬ መጣ። ባለጎማ፣ ባለመደገፊያ፣ ከፍ ዝቅ የሚል… ባጃጅ ውስጥ አልገባ ብሎት ከሮማናት አደባባይ ድረስ በእግሩ እየገፋ አመጣው። ግማሽ መቀሌ አይቶታል። "ወገቤን" እያለ ስድስት ወር ሲያቃስት ደህና ወንበር ግዛ ያልኩት እኔው ነኝ። ነርስ ያገባ ሰው ምክር በነፃ ነው።

ላስቲኩን ሊቀድ መቀስ እንደያዘ ደረስኩበት።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልቀመጥበት ነዋ!"

"ከነላስቲኩ ተቀመጥ። ምን አስቸኮለህ?"

ተቀመጠ። ሲንኮሻኮሽ ሳቀ። ይሳቅ! ሶፋችን አምስት ዓመቱ ከነላስቲኩ፣ አንድ ጭረት የለበትም። ሪሞቱም እንደዚያው፣ የፍሪጁ በርም። ዕቃ የሚያዘው እንዲህ ነው።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ጋሽ ገብረሕይወት እንደ ልማዳቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሏቸውን በኪሳቸው ይዘው መጡ። ግንብ ለግንብ የምንዋሰን ጎረቤታችን ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት አልወጣ ብለው ሔሩይ "የኳስ ጌም ላስተምርዎ" ብሎ በዘዴ ነው ያወጣቸው። አሁን ተማሪው አስተማሪውን ይቀጠቅጠዋል። የሁለቱ ዕድሜ ቢደመር መቶ አሥራ ሁለት…

እሳቸው በርጩማ ላይ፣ ሔሩይ አዲሱ ዙፋን ላይ። ሶፋው ላይ አንድም ቀን ተቀምጠው አያውቁም። ላስቲኩ ሱሪዬን ይይዘኛል ይላሉ።

ጨዋታው መሃል የኮምፒውተሩ ሞኒተር ድርግም አለ። ጥቁር! ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ተመለሰ። ኳሷ በሔሩይ በረኛ እጅ።

"ዋእ! ላገባ ነበርኮ!" አሉ።

ትንሽ ቆይቶ እንደገና። መብራት ነው ተባለ፣ ታለፈ።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ አራት ጊዜ። መብራት ነው እንዳይባል አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ኮምፒውተሩ አይጠፋም፣ የጌሙ ተመልካች ጩኸትም አይቋረጥም። ስክሪኑ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል።

ሔሩይ ገመዱን ከኋላ ነቀለና እፍ እፍ ብሎ መልሶ ሰካው። ፊዚክስ አስተማሪ ነው እንግዲህ፣ ሳይንሱ እፍ ሆነ። የሶኬት ማከፋፈያውን ቀየረ። ጌሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ። ኧረ ወዲያ!

የሚገርመኝ ግን… ሳምንቱን ሙሉ የፈተና ወረቀት ሲጽፍበት ለምን አይጠፋም? ሞኒተር ሥራና ጨዋታ ለይቶ ያውቃል?

ኅዳር 19

ሞኒተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ሰዳም ጋ ወሰድነው። ባጃጅ ውስጥ ሔሩይ ታቅፎታል። ባለባጃጁ በመስታወት አየንና "ሕፃኑን ምን አሞት ነው?" አለ። "ዓይኑን" አልኩት።

ሰዳም የወሎ ልጅ ነው፣ ኮምፒውተር ይጠግናል። ጌም ከፍቶ የእንጨት ዱካው ላይ ተመቻችቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወተበት። ወይ ፍንክች! "ወላሂ ይሄ ከእኔም ከእናንተም ጤነኛ ነው" አለ። ሔሩይ ቅር አለው። ጤነኛ ነህ ሲባል የሚከፋው በሽተኛ እኛም ክሊኒክ ሞልቷል። ለማጽናኛ አዲስ ኬብል ገዛን።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

መጥፎ ቀን።

አዲሱ ኬብል ተሰክቶ፣ ሻይ ቀርቦ፣ ሁሉ ሰላም ነበር። ከዚያ ጠፋ። ደግሞ ጠፋ። በአምስተኛው ጋሽ ገብረሕይወት ጆይስቲኩን ቀስ ብለው አስቀመጡና ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር ማየት ጀመሩ።

"ምን ጠፋብዎ?" አለ ሔሩይ።

"እግርህን እያየሁ ነው።"

"እግሬን?"

"ሔሩይ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አምስት ጊዜ ጠፋ። አምስቱንም እኔ ላገባ ስል። አንተ ልታገባ ስትል አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ማከፋፈያው ደግሞ ያለው እግርህ ሥር ነው።"

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም… ሔሩይ ፊቱ ቀላ።

"አጭበርባሪ ነህ እያሉኝ ነው?"

"አላልኩም። ቆጠርኩ እንጂ።"

ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው ሳሎኑን አዩት። ሶፋውን፣ ወንበሩን፣ ፍሪጁን…

"ዕቃችሁ ሁሉ እንደታሸገ ነው" አሉ። "ዘንድሮ ስንቱ ጓዙን ጭኖ ሄደ። እናንተም የምትሄዱ ከሆነ በግልጽ ንገሩኝ። ቅዳሜዬን በዘዴ አታስተዉኝ።"

ሻያቸውን ሳይጠጡ ሄዱ።

ኅዳር 23

በዘዴ አታስተዉኝ… እንዴት ያለ ነገር ነው? ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ አለ።

ኅዳር 26

ከጋሽ ገብረሕይወት ጋር መንገድ ላይ ተገናኘን። "ከመይ ሓዲርኪ" ብለውኝ አለፉ። ይችው ናት። ሌላ ጊዜ በዚያች ሰላምታ ላይ ሩብ ሰዓት ይጨምሩባታል፤ ጉልበታቸውን፣ የሽንኩርቱን ዋጋ፣ የሔሩይን የተከላካይ መስመር… እየተጣደፍኩ "እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ" የምለው እኔ ነበርኩ። ዛሬ የምቸኩልበት የለኝም ነበር።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል… ሔሩይ "ድመት መሰለችኝ" እያለ ሁለቴ በሩን ከፈተ። የትኛዋ ድመት?

ብቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር ተጫወተ። እንደ ሐውልት ደርቆ ተቀምጦ አራት ለዜሮ ተሸነፈ። ስክሪኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ይኼ እንግዲህ ለጋሽ ገብረሕይወት ማስረጃ ነው። እኔ ራሴ ለአፍታ እግሩን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው!

ታኅሣሥ 3

ተገኘ! ተገኘ! ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ዓይደር ሰፈር፣ ክሊኒካችን ነበርኩ። አንዲት አሮጊት አደይ መጡ። ዓይኔ ጥፍት ይላል፣ ወዲያው ይመለሳል አሉኝ። ሁልጊዜ ነው? አይደለም፣ አልፎ አልፎ። ሁሉንም እንደምጠይቀው ጠየቅኋቸው፤ ሲጠፋብዎ ምን እያደረጉ ነው?

"ምንም። ከመቀመጫዬ ብድግ ስል ነው።"

ግፊታቸውን ተቀምጠው ለካሁ፣ አስቁሜ ለካሁ። ሲቆሙ ይወርዳል። ካርዳቸው ላይ እየጻፍኩ እስክሪብቶዬ ቀጥ አለ።

ብድግ ሲሉ!

ሔሩይ ራሱ ጎል ሲያገባ ተደላድሎ ተቀምጦ ነው። ጋሽ ገብረሕይወት ሊያገቡበት ሲሉ ግን "ያዘው! ያዘው!" እያለ ከወንበሩ ይዘላል። ፈተና ሲጽፍ ማን ይዘላል? ብቻውን ሲጫወትስ ለማን ይዝለል? ሰዳም ደግሞ ከዱካው ንቅንቅ አላለም።

ቤት ገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። "ተነሳ" አልኩት።

"ምን ሆነሻል?"

"ተነሳ! ቁጭ በል። ተነሳ!"

አሥር ጊዜ አስነሳሁት። ስምንቱን ጠፋ። ወገቡን ረስቶታል፣ እንደ ልጅ ይዘላል። ከበርጩማው ሲነሳስ? ምንም። እንግዲያው ወንበሩ ነው። ዞሮ ዞሮ አየው። እጁን ወደ ላስቲኩ ሲያስጠጋ የክንዱ ፀጉር ተነስቶ ቆመ። ጧ! አለ።

"ስታቲክ!" ብሎ ጮኸ። አየሩ ደረቅ፣ ሹራቡ ሱፍ፣ ከሥሩ ላስቲክ… ሲነሳ ይፋተግና ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ ያ ብልጭ ሲል ሞኒተሩ ደንግጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህንኑ ነገር ማበጠሪያ ፀጉሩ ላይ እያሸ፣ ቁርጥራጭ ወረቀት እያነሳ ስንት ዓመት ሙሉ አስተምሯል! ፀጉሩም በዚያው ነው ያለቀው።

ከዚያ ላስቲኩን አየ። እኔን አየ። እንዲህ ሲያየኝ አልወድም።

ታኅሣሥ 4

ሔሩይ ሊሸፍንልኝ ፈለገ። "ኬብሉ ነበር እንበላቸው። ያንቺን ስም ምን አስነሳን?" ደግ ሰው ነው። ግን እሳቸው የጠየቁን ስለ ኬብል መች ነው? ልትሄዱ ነው ወይ ነው ያሉን።

ለምንድነው ላስቲኩን የማልቀደው? እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። አገራችን ደብረ ብርሃን ስንመለስ አዲስ ሆኖ እንዲገባ ነው። "ለከርሞ ዝውውሩ ይመጣል" እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ልጃችንን ሮሃን እዚህ ወለድኳት፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ምጧ ሲይዘኝ ጋሽ ገብረሕይወት ናቸው ከነሲሚንቶው መኪናቸውን አስነስተው ሆስፒታል ያደረሱኝ። ዱቄት ውስጥ የገባች ድመት መስዬ ነበር፤ አዋላጇ መጀመሪያ ያደረገችው ፊቴን መጥረግ ነው። እኔ ደግሞ በእኚህ ሰው ዓይን ፊት እስከ ዛሬ ጓዜን አልፈታሁም። እሳቸው ይህን አይተው ምን ይበሉ?

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። ቅዳሜ ራሴ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ስምንት ተኩል ላይ መቀሱን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። ከፍተው መቀሱን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

"ጋሽ ገብረሕይወት፣ አጭበርባሪው ተገኘ።"

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

መጡ። ሔሩይ ሹራቡን አውልቆ አለበሳቸው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። አንዴ ተነሱ፣ ምንም። ሁለተኛ፣ ምንም። በሦስተኛው ድርግም! እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ዋእ! ሔሩይ ሓወይ፣ እግርህን ከሰስኩት፣ ጥፋተኛው መቀመጫህ!"

"ላስቲኩ አይቀደድ ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ለምን እንዳልኩም ነገርኳቸው። ደብረ ብርሃንን፣ ዝውውሩን፣ ሁሉንም። መሬት መሬት እያየሁ።

"የምትሄዱ መስሎኝ ነበር" አሉ።

"እኔም መስሎኝ ነበር።"

መቀሱን ሰጠኋቸው። ወንበሩን ቀደዱ፣ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ እንደ ዶሮ ላባ ነጩት። ከዚያ በመቀሱ ጫፍ ወደ ሶፋው አመለከቱ። "ይኼስ?"

ድንግጥ አልኩ። "እሱ እንኳ…" አልኩ። ቆመው ጠበቁኝ። ሔሩይ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። መቀሱን ተቀበልኩና ራሴ ቀደድኩት። ለካ ቢጫ አይደለም! ቢጫ የሆነው ላስቲኩ ነው፤ ሶፋው ነጣ ያለ ክሬም ነው። ምን ቀለም እንደገዛሁ ረስቼዋለሁ።

ጋሽ ገብረሕይወት ለመጀመሪያ ጊዜ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሔሩይ ስድስት ጊዜ ዘለለ። ስክሪኑ ፍንክች አላለም፣ አምስት ለሁለት ተሸነፈ። "ላስቲኩ ይሻልህ ነበር" አሉት። አምስተኛዋን ሲያገቡ ግን እሳቸውም ዘለሉ። ከነሻያቸው…

"ኧረ ምንም አይደል ጋሼ" አልኩ። ውሸቴን ነው፣ አንጀቴ ነው ያረረው።

ታኅሣሥ 8

በኦሞ አሸሁት። በሎሚ። በጨው። የሻዩ ዕድፍ መዳፍ የሚያክል፣ መሃሉ ላይ፣ አልለቅ አለ። በአንድ ቅዳሜ!

ይህን ሶፋ ይዤ ደብረ ብርሃን ብገባ አማቴ ምን ይሉኛል? አይሆንም። እዚሁ ነን እንግዲህ።