በገዛ ፊርማዬ ላይ የቀረበ አቤቱታ

ቀን፦ የካቲት 11

ለፍሳሽ ልቀት ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእኔ የምርመራ ውጤት ላይ ተመሥርቶ የካቲት 20 ሊሰጥ የታሰበው ፈቃድ እንዲታገድ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በውሃ ምርመራ ማዕከሉ የናሙና መርማሪ ነኝ። የብረታ ብረት ፋብሪካው ስለሚጠቀምበት ቅባት ማስለቀቂያ ኬሚካል «በወንዝ ውስጥ ባሉ ፍጥረታት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው» የሚለውን ሪፖርት ያዘጋጀሁትም የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ስህተት ነው። የተሳሳትኩትም ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ነኝ። ክቡርነትዎ ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ፤ የቀሩት ግን ዘጠኝ ቀናት ናቸውና ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. ማዕከሉ ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራሁት በዓሣ ክፍል ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ አሁን ጡረታ የወጡት ጋሽ ማጉሊያ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው ማጉሊያ መነጽራቸውን ምሳ ሲበሉ እንኳ ከአንገታቸው ስለማያወልቁ ነው። «ነፍስ ያለውን ሞተ ብለሽ እንዳትጽፊ» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ለዓሣ ልክ ናቸው። ጉንጩ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ ዓሣው አለ፤ ካሉት ጋር ይቆጠራል።

2. ባለፈው ጥቅምት ወደ ጥቃቅን ፍጥረታት ጠረጴዛ ተዛወርኩ። እዚያ የሚመረመሩት ቁንጫ የሚያካክሉ፣ ውሃ ውስጥ እየዘለሉ የሚዋኙ ፍጥረታት ናቸው፤ ትንንሽ ዓሦች የሚመገቡት እነሱን ነው። የዚህ ጠረጴዛ ደንብ ግን ሌላ ነው። ብርጭቆው በቀስታ ከተነቃነቀ በኋላ በአሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ያልዋኘችው፣ ቀንዷን ብታንቀሳቅስም እንኳ፣ «ተጎድታለች» ተብላ ትመዘገባለች። ደንቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በየቀኑ ከፊቱ ቆሜ ጋዎኔን እለብሳለሁ። አንብቤዋለሁ ብዬ ግን አልዋሽም። ስድስት ዓመት ስቆጥር የኖርኩ ሰው መቁጠርን ከግድግዳ የምማር አልመሰለኝም ነበር።

3. ለምርመራው ኬሚካሉን በአምስት መጠን አዘጋጀሁ፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው በእጥፍ የሚበልጥ ነው። በየመጠኑ ሃያ ሃያ ፍጥረታት ጨመርኩ። በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ስቆጥር፣ በሦስተኛው መጠን ውስጥ አሥራ አንዱ ከብርጭቆው ሥር ተኝተው ቀንዳቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር። እንደ ዓሣ ቆጥሬ «ደህና» አልኳቸው። ተጎዱ ብዬ የጻፍኩት አራት ብቻ ነው፤ በደንቡ ቢሆን ኖሮ አሥራ አምስት ነበሩ። ግማሾቹ የሚጎዱት በአምስተኛው መጠን ነው ብዬ ፈረምኩ፤ እውነቱ ግን ከሦስተኛውም በታች ነው። ኬሚካሉ እኔ ካልኩት ከአራት እጥፍ በላይ የከፋ ነው ማለት ነው። ፋብሪካው በቀን ምን ያህል እንዲለቅ የተሰላው ደግሞ በእኔ ቁጥር ነው።

4. ይህን ያወቅሁት ራሴ ብልህ ሆኜ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ከድልድዩ በታች ከወንዙ ውሃ የሚጠልፉ ሁለት የዓሣ ገንዳዎች አሉት። ፋብሪካው ከጥር 28 ጀምሮ ለሦስት ቀን ወደ ወንዙ የሙከራ ልቀት አደረገ። በአራተኛው ቀን ደወለልኝ። «እታለም፣ አልሞቱም እኮ። ጉንጫቸው ይንቀሳቀሳል። ግን ምግብ ስበትንላቸው ዞር ብለው አያዩም፤ ውሃው ወደገፋቸው ይሄዳሉ» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አልሞቱም፣ አይዋኙም። የእኔ አሥራ አንዶች ትዝ አሉኝ። በማግስቱ ግድግዳውን አነበብኩ። ወንድሜ በዚያው ሳምንት ዓሦቹን በጋሪ አውጥቶ ቀበራቸው፤ እስካሁን ሪፖርቱን የፈረመው ማን እንደሆነ አልነገርኩትም። ይህን ደብዳቤ ካስገባሁ በኋላ እነግረዋለሁ።

5. የዓሦቹ ሞት በኬሚካሉ ለመሆኑ ማስረጃ የለኝም፤ አልተመረመሩም። ለወንድሜ ካሳ ለማግኘትም አይደለም የምጽፈው። ይህን የምለው የክፍል ኃላፊዬ፣ ጉዳዩን ባስረዳኋቸው ዕለት፣ «እህቴ፣ የወጣ ሪፖርት አይመለስም። የወንድምሽ ነገር አንጀትሽን በልቶት ነው፤ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» ስላሉኝ ነው። አንጀቴን መብላቱንስ በልቶታል። ቁጥሩ ግን ከስልኩ በፊትም ስህተት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ የሥራ ውሌ ሰኔ ላይ እንደሚታደስ አስታወሱኝ፤ እኔም አልረሳሁትም።

6. ማስረጃው በእጄ ጽሑፍ አለ። በሥራ ደብተሬ ውስጥ ቀንዳቸውን ብቻ ካንቀሳቀሱት ከእያንዳንዳቸው ጎን ትንሽ የእርሳስ ነጥብ አድርጌያለሁ። ሪፖርቱ ላይ ነጥቦቹ አልገቡም። ለምን እንዳደረግኳቸው አሁን ሳስበው፣ ያን ዕለትም አንድ ነገር ከንክኖኛል ማለት ነው። ዝም ብዬ አለፍኩት፤ ከስህተቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። የሦስቱን ገጾች ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ዋናው ደብተር በክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ስላለ ዛሬውኑ በጽሕፈት ቤቱ እጅ እንዲገባ ቢደረግ መልካም ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ) የካቲት 20 ሊሰጥ የታሰበውን ፈቃድ እንዲያግዱልኝ፤

ለ) ምርመራው እኔ ብርጭቆ ሳልነካ፣ ከዓሣ ክፍል ባልመጣ ሌላ መርማሪ እንዲደገም እንዲያዙልኝ፤ ሥራው ከዝግጅቱ ጋር አምስት ቀን ይበቃዋል፤

ሐ) ጥፋቴ በግል ማኅደሬ እንዲመዘገብ፣ ለሚገባኝ ቅጣትም እንድጠራ እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ።

ፋብሪካው ላይ ቂም የለኝም። የቀረበላቸው ወረቀት ደህና ነው ስላለ ደህና ነው ብለው ነው የለቀቁት፤ ወረቀቱን የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እየፈራሁ ነው። ሥራዬን እንዳላጣ እፈራለሁ፤ ወንድሜን ፊት ለፊት ማየት ደግሞ ከዚያ የበለጠ እፈራለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ፊርማ በሪፖርቱ ላይ ካለው ጋር ቢያስተያዩት ይገጥማል፤ የአንድ ሰው እጅ ነው። ሁለቱ ግን አብረው ሊጸኑ አይችሉም። የፊተኛውን እንዲሽሩልኝ፣ የአሁኑን እንዲያጸኑልኝ እለምናለሁ።

ከአክብሮትና ከስጋት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የናሙና መርማሪ፣ ጥቃቅን ፍጥረታት ጠረጴዛ