ቦራ ጾም ሊገባ ሲል ወለደች

ሰኞ፣ የካቲት 15 ቀን 1985

አራት የወተት ደንበኛ ነበረኝ። አራቱም ዛሬ ጠዋት አንድ ቃል ተናገሩ፦ «ከፋሲካ በኋላ።» ባሊውን እንደሞላ ይዤ ወደ ላፍቶ ተመለስኩ። በመንገድ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «እንኳን ለጾሙ አደረሰህ» ይለኛል። «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላለሁ፤ በሆዴ የምለው ግን ሌላ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ደብተር ማንም ስለማያየው ልጻፈው። ባለፈው ዓመት ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ለላሜ ለቦራ ኮርማ ያስመጣሁላት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወሩን በጣቴ ቆጥሬያለሁ፤ ዘጠኝ ወሩ የት ላይ እንደሚያርፍ ግን አላሰብኩም። ጾሙ ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ወለደች። እንገሩ አልቆ ወተቱ በደንብ መውረድ ሲጀምር ሁዳዴ ከተፍ አለ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ስለ ወተት ላም አያያዝ የተጻፈ ወረቀት ታይፕ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። በቅነሳ ስሰናበት «አሁን ደግሞ በተግባር አሳያችኋለሁ» ብዬ ፎክሬ ነበር። ይኸው አሳየሁ።

ያለን ሀብት፦ ቦራ፣ ጥጃዋ፣ እናቴ የሰጠችኝ አሮጊቷ ዳለቻ (ከነጠፈች ሁለት ዓመት ሆናት፣ ኮርማም አልያዘላትም)፣ ከበረቱ ጀርባ አንድ መደብ ቆስጣ። ከዚህ ካልተገኘ ከየትም አይገኝም። የመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ሕልም ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ ሞገስ የሚባለው ከብት ነጋዴ መጣ። ማን እንደነገረው እንጃ። ቦራን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ጡቷን ዳሰሰ፣ ከዚያ «ጋሽ ተፈራ፣ ሁለት ወር ሙሉ በነጻ ሊቀልቧት ነው?» አለኝ። የጠራው ዋጋ ያሳፍራል። ቢሆንም እሺ ልለው አፌን ስከፍት አስካለ ከማጀት ብቅ አለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ናት፤ እሷ ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ነው የሚለው።

«አቶ ሞገስ፣ ቅዳሜ ይምጡ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

እሱ ሲወጣ «እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ» አለችኝ። እስከ ቅዳሜ ጾሙ አይፈታ፣ አልኳት። ወደ ማጀት ተመልሳ ገባች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 16

ኪዳነ ምሕረት ናት። አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በቀጥታ ወደ ቤት አልመጣችም። ወደ ጎፋ ወጥታ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ገባች። እትዬ ዘይነባ በርበሬና ሳሙና፣ ዘይትና ሻማ የሚሸጡ፣ የሰፈሩ እስላም ሁሉ ምክር የሚጠይቃቸው ሴት ናቸው።

ረመዳን ዛሬ ገብቷል። ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገጠሙ። እኔም በራዲዮ ሰምቻለሁ። ሰምቼ «እንኳን አደረሳቸው» ብዬ ሌላ ዜና መጠበቅ ጀመርኩ። አስካለ ይህንኑ ዜና ሰምታ ስለ ቦራ አሰበች።

እትዬ ዘይነባ ያሏትን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። «ወላሂ አስካልዬ፣ ለማፍጠሪያ ወተት ስናፈላልግ ነው የዋልነው። ባለ ላሙ ክርስቲያን ሁሉ ጾም ነው ብሎ ወተቱን ለጥጃ ትቶታል» አሏት። ወዲያው ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው አምስት ቤት አስያዟት። «የአስካለን ወተት እኔን አምናችሁ ውሰዱ» ብለው ነው ያስያዙላት።

አምስት ቤት። እኔ በዓመት ያፈራሁት አራት ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 17

ዛሬ ቁጭ ብዬ ሚስቴን ሳያት ዋልኩ። ሥራ ፈትቼ አይደለም፣ ቆስጣውን እያጠጣሁ ነው፤ ዓይኔ ግን እሷ ላይ ነበር።

የማታውን ማለቢያ ከዘጠኝ ሰዓት ወደ አሥር ገፋችው። ወተቱ ሳይቀዘቅዝ ደርሶ፣ አፍልተው፣ ልክ በማፍጠሪያው ሰዓት ትኩሱን እንዲጠጡት ነው። ቦራ ሰዓቷ ሲቀየርባት ጊዜ አኮረፈች፣ ባሊውን በእግሯ ልትደፋው ሞከረች። አስካለ አልተማታችም። ግንባሯን ከቦራ ሆድ ላይ አስደግፋ የሆነ ነገር አወራቻት። ምን እንደምትላት ሰምቼ አላውቅም፤ ላሚቱ ግን ቆመችላት። እኔን እንዲህ አትቆምልኝም።

የጠዋቱን ወተት አትሸጠውም። ቅሉን በወይራ አጥና እዚያ ታጠራቅመዋለች፤ ሲረጋ ትንጠዋለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት «አሁን ቅቤ የሚገዛ የለም። ለፋሲካ ግን ቅቤ የማይፈልግ ቤት ታውቃለህ?» አለችኝ። ለጋውን እያነጠረች በማሰሮ ልታስቀምጠው ነው።

አንድ ነገር አስቆናል። ስትንጥ እጇ ላይ ጠብ ያለውን እንኳን በመቀነቷ ጠርጋ ትሄዳለች፤ ጾም ነዋ። እኔም አልቀምስም። ወተቱን ወደ እትዬ ዘይነባ ስንወስደው እሳቸውም ጾመኛ ናቸው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃም አይቀምሱ። ከላሚቱ ጡት እስከ ደንበኛው ቤት ድረስ ወተቱን የሚቀምስ አንድ ሰው የለም። በእምነት የሚሄድ ወተት ነው አልኳት። አስካለ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንደዚህ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 18

ዛሬ የድሉ ተካፋይ ሆኛለሁ።

መኖ ነው የሚያደቀን። ድርቆሽ ተወዷል፣ የዘይት መጭመቂያው ፋጉሎማ አይነሣ። ጠዋት ጎፋ ስደርስ የአትክልት ሻጮቹን አየሁ። በጾም ገበያቸው ደርቷል፤ የሚልጡትንና የሚቆርጡትን ቅጠል ግን ቦይ ውስጥ ይጥሉታል። «ልውሰደው ወይ?» ብላቸው «ገላገልከን» አሉኝ። አንድ ጆንያ ሙሉ፦ የጥቅል ጎመን ሽፋን፣ የካሮት ቅጠል፣ ባሮ ሽንኩርት። ተሸክሜው መጣሁ፤ ትከሻዬ እስካሁን ያመኛል።

አስካለ ወንዝ ወርዳ ስለነበር ለቦራ እኔው ሰጠኋት። በልታ አልጠገበችም። አሥር ሰዓት ላይ ስትታለብ ወተቷ ከትናንቱ ጨመር ብሏል። አስካለ «ምን አበላሃት?» ስትለኝ «የባለሙያ ምስጢር ነው» አልኳት። ባሊውን ይዛ ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 19

እትዬ ዘይነባ ገና በጠዋቱ ግቢያችን ገቡ። ከጎፋ ድረስ በእግራቸው፣ ባዶ ሆዳቸውን። ቁጭ በሉ ብንላቸው እንቢ አሉ።

«አስካልዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» አሏት። «ሰው ቀኑን ሙሉ ጾሞ አፉን በምን ፈታ መሰለሽ? በሽንኩርት። ወተቱ ሲፈላ ቤቱ ወጥ ወጥ ሸተተ። አምስቱም ቤት ደፉት። እኔን አምነው ነው የወሰዱት።»

ሽንኩርት የሚለውን ቃል ስሰማ ጆንያው ታወሰኝ። ጥሬው ወተት ምንም አይልም፤ እሳት ሲነካው ነው ጉዱ የሚወጣው። ደግሞ ያንን ነገር አውቀዋለሁ፤ ሽታ ያለው መኖ ላም ከመታለቧ በፊት አይሰጥም የሚል አንቀጽ በገዛ እጄ ታይፕ አድርጌያለሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ባሮ ሽንኩርት ያበላኋት እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም።»

አስካለ አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ባሊውን እጠብ» ብቻ አለችኝ።

የጠዋቱን ወተት ለጥጃው ለቀቀችው። ቦራ ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ብቻ በላች። አሥር ሰዓት ላይ አለበቻት፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ባሊውን አሸክማኝ ወጣን። በየቤቱ በር ላይ ቆማ የምትለው አንድ ነው፦ «የትናንቱ ጥፋት የኛ ነው። ላሟ ሽንኩርት በልታ ነው። የዛሬውን ያለ ዋጋ ውሰዱ፣ ካልወደዳችሁት ነገ አልመጣም።» ባሌ ነው ያጠፋው አላለችም። አንዴም። ባሊውን ይዤ ከኋላዋ ቆሜ እንደዛሬ አፍሬም ኮርቼም አላውቅም።

አራቱ ቤት ተቀበሉን። አምስተኛው፣ አንድ ሽማግሌ ሐጂ፣ በሩን ሳይከፍቱ «ሌላ ሰው አግኝተናል» አሉ።

መጨረሻ እትዬ ዘይነባ ቤት ገባን። እሳቸው አሁንም ፊታቸው አልተፈታም። «ነገስ ደግሞ ላሟ ምን እንደበላች በምን አውቃለሁ?» አሉ። ልክ ናቸው፤ ማን ይቅመሰው? አስካለ ትንሽ አሰበችና ወደ ጓዳው አየች። የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሙኒራ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ጓዳ ተኝታለች።

«ሙኒራ አራስ አይደለች? ጾም የለባትም» አለች አስካለ። «ከነገ ጀምሮ ወተቱ መጀመሪያ እዚህ ይመጣል። ለሷ አንድ ስኒ ይፈላላት። እሷ ጥሩ ነው ካለች ወደ ሌላው ቤት እሄዳለሁ፣ ካላለች ደፍቼ እመለሳለሁ። የአራሷን ስኒ አላስከፍልም።»

እትዬ ዘይነባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አንቺ ሴት፣ አላህ ይስጥሽ» አሏት።

አሥራ አንድ ዓመት ታይፕ ስመታ እንዲህ ያለ አንቀጽ አልገጠመኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 20

ሞገስ የመጣው ጠዋት ነው፣ ገመድ ይዞ። «እህሳ ጋሽ ተፈራ፣ ቆረጡ?» አለኝ። ሰኞ ዕለት ቢሆን መልሱን እኔ እሰጠው ነበር። ዛሬ ግን «ባለቤቷን ጠይቃት» አልኩትና ወደ አስካለ አመለከትኩ። አስካለ ራሷ ደንገጥ ብላ አየችኝ።

«ቦራ አትሸጥም» አለችው። «በጾም ከብት ለመግዛት ለምን እንደሚዞሩ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ነው የሚረክስልዎ።»

ሞገስ ሳቀ እንጂ አልካደም። ገመዱን እየጠቀለለ ሊወጣ ሲል ግን አስካለ ቀጠለች። «ዳለቻን ከፈለጉ ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ይምጡ። ያን ጊዜ በደህና ዋጋ እንነጋገራለን።»

ስለ ዳለቻ መሸጥ አንድ ቀንም ተነጋግረን አናውቅም። ጥጃ ሳለች እናቴ ልትሞት አካባቢ የሰጠችኝ ናት። ሞገስ በአጥሩ በኩል አሻግሮ እያያት «እሺ እትዬ» ብሎ ሄደ። እኔ ቆስጣው ውስጥ ገብቼ የሌለ አረም ስነቅል ቆየሁ።

አስካለ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሁለቱን መቀለብ አንችልም» አለች። «አንዷ ካልሄደች ሁለቱም ይሄዳሉ። ተቀየምከኝ?»

«አልተቀየምኩም» አልኳት። ዋሸሁ፤ ግን ትንሽ ነው የዋሸሁት። ልክ እንደሆነች አውቃለሁ። ያመመኝም ልክ መሆኗ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወተቱን ይዘን ሄድን። ሙኒራ ስኒዋን ጨልጣ «ሌላ የለም?» ብላ ከጓዳ ተጣራች። አራቱም ቤት ወሰዱ። ስንመለስ የሐጂው ምራት መንገድ ላይ ጠብቃ «ለኛስ ተረፈ?» አለችን። ተርፎ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 21

አስካለ ከመካኒሳ አቦ ስትመለስ ሁለት አዲስ ሰው አግኝታለች። ለወተት አይደለም፣ ለቆስጣ ነው፤ ክርስቲያኑ ደግሞ በጾም የሚበላው ቅጠል ነው። የከብቶቹን ፍግ ተሸክሜ መደቡን ሳሰፋ ዋልኩ። ነገ የሚዘራ ዘር አላት።

ረመዳን ሲያልቅ ሁዳዴ ገና ከሦስት ሳምንት በላይ ይቀረዋል። ኢድ ካለፈ በኋላ ወተቱን ማን ይወስዳል? ጠየቅኳት። «አንዳንዱ ይለምደዋል፤ የቀረውን እንንጠዋለን» አለች። ይበቃል አይበቃም አላውቅም፣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ግን ሰኞ ዕለት የነበረው ፍርሃት አሁን የለም። እኔ ስለ ላም ብዙ አንብቤያለሁ፤ አስካለ የምታውቀው ሰው ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚርበው ነው። እርሻውን የሚያዋጣው ይኸኛው ዕውቀት ሳይሆን አይቀርም። ይህን ፊት ለፊት ልነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ስለ ዝናብ አወራሁ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ባሊውን ይዤ ወደ በረት ገባሁ። አስካለ ቀድማኝ ገብታለች፤ ግን ቦራ ዘንድ አልነበረችም። ለቦራ ብለን ለይተን ያስቀመጥነውን ምርጡን ድርቆሽ ለዳለቻ ፈታ ሰጥታት፣ አንገቷን እያከከችላት ቆማ ነበር። ስታየኝ እጇን ሰበሰበችና ባሊውን ተቀበለችኝ።

ድርቆሹን የሰጠቻት እስከ ፋሲካ እንድትወፍር ይሁን ወይስ አዝናላት፣ አልጠየቅኳትም።