ስንጥቁን አስቀድመው ያሰሉት እህታችን

የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ስሌት» የሚሏቸው እህታችን ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር መጠገኛው ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከሦስት ልጆች መካከለኛዋ ነበሩ። የሂሳብ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት በእናታቸው የስፌት መኪና ጫፍ ላይ ስለነበር ቁጥሮቻቸው ሁሉ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ እስከ መጨረሻውም ጽሕፈታቸው አልተቃናም።

ዩኒቨርሲቲ በገቡ በሁለተኛው ዓመት የአውቶብስ ሾፌር የነበረው ታላቅ ወንድማችን ቁልቁለት ላይ ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ፣ አክስሉ፣ ተሰብሮበት ሞተ። መርማሪዎቹ «የብረት ጉዳይ ነው» ብለው አለፉት። እሳቸው ግን አላለፉትም። የትምህርት ክፍላቸውን ቀይረው የአረብ ብረትን ጠባይ ማጥናት ጀመሩ። ብረቱ እንዲጠነክር በእቶን ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ውጭው ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ይዘገያል፤ እርስ በርሱ ሲጓተትም በሆዱ ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል። እናታችን፣ «ታዲያ ይህ ትምህርት ልጄን ይመልስልኛል?» ሲሉ ጠየቋቸው። «አይመልስም እማዬ። የሌላዋን እናት ልጅ ግን ያተርፍ ይሆናል» አሉ።

ከተመረቁ በኋላ የመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ ተቀጥረው ይህንኑ የሚያሰላ ሞዴል ሠሩ። አክስሉን ኮምፒውተር ላይ በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍለው እያንዳንዱ እንዴት እንደሚግል፣ እንዴት እንደሚበርድ፣ የቱ ጋ እንደሚጨነቅ ያያሉ። የእቶን ክፍሉ አለቃ፣ «እኛ የምናውቀው ብረት እንደጋለ ሲቀጠቀጥ ነው፤ እርስዎ ሳይግል ጨረሱት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

አንድ ጊዜ ሞዴሉ፣ ሊጫኑ የተዘጋጁ አክስሎች ውፍረታቸው በሚቀየርበት ትከሻቸው ላይ ስንጥቅ እንዳላቸው አመለከተ። እህታችን ጭነቱን አስቆሙ። አንዱ ተቆርጦ ሲታይ ግን ንጹሕ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት ተቆጧቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወደ ስሌታቸው ተመለሱ። ለካ ሞዴሉ ውስጥ ያስገቡት የአዲስ ዘይት የማቀዝቀዝ ፍጥነት ኖሯል፤ ብረቱ የሚነከርበት ገንዳ ውስጥ ያለው ግን ያረጀ ነበር። ሲያስተካክሉት ስንጥቁ ከትከሻው ሸሽቶ ለቅባት የተበሳው ቀዳዳ ሥር ታየ። «ተሳስቼ ነበር፤ እባካችሁ አንድ ጊዜ ደግሞ ቁረጡልኝ» አሉ። እሺ ያሏቸው የእቶን ክፍሉ አለቃ ብቻ ነበሩ። ስንጥቁ እዚያው ተገኘ። አክስሎቹም ተመልሰው ቀለጡ። እኒሁ አለቃ በዓመቱ ባለቤታቸው ሆኑ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

ልጃቸው እንደምትናገረው፣ ከዚያ ወዲያ የተሳሳቱበትን ስሌት ለአዳዲስ መሐንዲሶች ሁሉ ከትክክለኛው አስቀድመው ያሳዩ ነበር።

የብረት ሆድ ሲመረምሩ የኖሩት እህታችን የራሳቸውን ሕመም ለማንም ሳይናገሩ ቻሉት። ሐኪም ያየው ነገሩ ከመሸ በኋላ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደቀራቸው ቢጠይቁት «በትክክል ማስላት አይቻልም» አላቸው። «እኔም ይህን መልስ ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ» ብለው ፈገግ አሉ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ያስተማሯቸውን ሁሉ አምላክ ያጽናልን፤ ነፍሳቸውንም በሰላም ያሳርፍልን።

ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ወጉ ስለሆነ እስከዚህ በአንቱታ ጻፍኩ። እህቴ፣ ብዙ ደክመሻል፤ አሁን እረፊ።