ሁለት መቶኛዋ ቀለህ

ውድ ኤርምያስ፣

ፖስታውን ስትቀበል በእጅህ ሳትመዝነው አትቀርም። ውስጡ ከወረቀት ሌላ ጠጠር ያለ ነገር አለ። እባክህ አሁን አታውጣው፤ ደብዳቤውን አንብበህ ስትጨርስ ታየዋለህ። አራት ዓመት ሙሉ የዘጋህ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ሊያዝህ መጣ አይደል? ያው ባዩ ነኝ፣ አልተለወጥኩም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። አርችዌይ፣ እዚያው አራተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥይት እንሞላበት የነበረው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። የመሙያ ማሽኗ ብሎኖች የገቡባቸው ቀዳዳዎች አሁንም አሉ። አጠገቤ ቤንጃሚን የላከልኝ የጠመንጃ ላይሰንስ ማመልከቻ ተዘርግቷል። ሽማግሌው የተኩስ ክለባችን ጸሐፊ እስካሁን አልረሳኝም፤ "አራት ዓመት አለፈ፣ ሐኪምህም ደህና ነህ ብሎሃል፣ እንደገና ሞክር" የሚል ማስታወሻ አያይዞበታል። ስሜንና አድራሻዬን ሞላሁ። "ቢያንስ ሁለት ዓመት በደንብ የሚያውቁህ ሁለት ሰዎች" የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ለንደን ኖሬ ሁለት ሰው አጣሁ። ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደጁ ላይ ቆሜ ሰድቤው የመጣሁት ነው።

የምጽፍልህ ግን ለላይሰንሱ ብዬ እንዳይመስልህ። ባለፈው ማክሰኞ ባለቤትህን አልታየሽን አግኝቻት ነበር። የነገረችኝን ነገር ይዤ አምስት ቀን ዞርኩ። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከሥሩ ልጀምርልህ፣ አንተ የምታውቀውንም ቢሆን።

ያገናኘን ነገር ትዝ ሲለኝ አሁንም ያስቀኛል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ያለውን ጊዜ ታስታውሳለህ። ለንደን ውስጥ ሁለት አበሻ ሲገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ "አንተ የየትኛው ነህ?" ይባባል ነበር። ምግብ ቤቱ ተከፈለ፣ ዕድሩ ተከፈለ፣ ልቅሶ ቤት እንኳ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ይወራ ነበር። እኔ ይህ ሁሉ ሲሰለቸኝ ነው ከለንደን ወጣ ብሎ ሰሬ ወዳለው የተኩስ ሜዳ መሄድ የጀመርኩት። ባለቤቴ ሮማንወርቅ ቅዳሴ ትሄዳለች፣ እኔ ደግሞ የጆሮ መከላከያዬን አንጠልጥዬ ባቡር እሳፈራለሁ። "አንተንስ እግዜር በባሩዱ ሽታ ይወቅህ" ትለኝ ነበር።

አንድ እሁድ ቤንጃሚን ጠርቶኝ፣ "ያገርህ ሰው መጥቷል፤ እሱም እንዳንተ ያችን ማንም የማይፈልጋትን ጥይት ይተኩሳል" አለኝ። ሄጄ ሳይህ ሣር ውስጥ ተንበርክከህ በእጅህ ትዳብሳለህ። "ምን ጠፋብህ?" አልኩህ በአማርኛ። ቀና ብለህ ሳታየኝ፣ "አንዷ ቀለህ ጠፋችብኝ ጋሼ። የአርባ አንድ ናት፣ እንዲህ በቀላሉ አትገኝም" አልከኝ። አብሬህ ተንበረከክሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሣር ስንፈትሽ፣ እንግሊዞቹ ሻያቸውን ይዘው ሲያዩን ትዝ ይልሃል? ስምህን የጠየቅሁህ ቀለሂቱን ካገኘናት በኋላ ነው። በምርጫው የየትኛው እንደነበርክ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ያችን ጠመንጃ የገዛኋት አውቄባት አይደለም። እዚህ አገር ሽጉጥ ከታገደ ቆይቷል፤ የሽጉጥ ጥይት የምትጎርስ ረጅም ጠመንጃ ግን ላይሰንስ ላለው ትፈቀዳለች። ሻጩ ጥግ አስደግፏት አየሁና ጠየቅሁት። "አርባ አንድ ማግነም ናት፣ ሁለት ዓመት ቆማለች፣ የሚወስዳት የለም" አለኝ። አሳዘነችኝና ወሰድኳት። ምን እንደያዝኩ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ በዚያ ሁልጊዜ የሞተር ዘይት በማይለቀው የመካኒክ እጅህ ጥይቷን እያገላበጥክ።

"ጋሼ፣ ይህቺ እኮ በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ለአሜሪካ ፖሊስ የሪቮልቨር ሽጉጥ ተብላ የተሠራች ናት። ፖሊሶቹ ከበደችን አሉ። አዳኞቹ ደግሞ እኛ አርባ አራት ማግነም አለን አሉ። መሃል ላይ ቀረች በቃ። ግን ተኩሳትና እያት! እንደ አርባ አራቷ አትራገጥም፣ እንደ ትናንሾቹም አትደክምም፣ ያሰብክላት ቦታ ነው የምትገባው።" ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው፣ "ደግሞ አትዋሽም። አርባ አራት የሚሏትን አረር ብትለካት አርባ ሦስት ናት። ይህቺ አርባ አንድ ብላ አርባ አንድ ናት" አልከኝ። ቤት ስገባ ለካሁ። እውነትህን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አርባ አራት የሚተኩስ ሰው ሱቅ ገብቶ ጥይቱን ገዝቶ ይወጣል፤ ከማንም ጋር መነጋገር አያስፈልገውም። የአርባ አንድ ሰው ግን ጥይቱን ሱቅ አያገኘውም። ባዶ ቀለሁን ከመሬት ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ባሩድና አረር አድርጎ ራሱ ይሞላል፤ ደግሞ ይተኩሳል፣ ደግሞ ይለቅማል። ስለዚህ ሌላ የአርባ አንድ ሰው ካገኘ አይለቀውም። ሜዳው ላይ ከመቶ ሰው መሃል ሁለት ብቻ ነበርን፣ ሁለታችንም አበሻ። ቤንጃሚን "አገራችሁ ውስጥ ሌላ ጥይት የለም እንዴ?" ይለን ነበር።

ሁለት መቶዎቹ የእኔ ቀለሆች ካንተ ቀለሆች ጋር እየተደባለቁ ስንጨቃጨቅ ሮማን የጥፍር ቀለሟን ይዛ መጣች። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ የእያንዳንዷን ቂጥ ቀይ ቀባችልኝ፣ ሁለት መቶውንም፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጅታ። አንተ "ሙሽራ አስመሰልሻቸው" ስትላት "ባዩ ለኔ ያላመጣውን ሚዜ ሁሉ ለነሱ ያመጣል" ብላ ሳቀች። የዚያን ቀን ሳቋ እስካሁን ይሰማኛል።

ከዚያ ታመመች። ከዚያ ሞተች። አንተ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርክ፣ ስለሱ አልነግርህም። እስከ አርባው ድረስ ቤቴ ሰው ሞልቶበት ነበር። ከአርባው በኋላ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔም የሌላ ሰው ቢሆን እመለስ ነበር። ሲያገኙኝ "እንዴት ነህ?" ይሉኛል፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፣ "ተመስገን" ብለው ያልፋሉ። ቀን አውቶቡሴን እነዳለሁ፤ በቀን ሺህ ሰው ከኋላዬ ይሳፈራል፣ ከመስታወቱ ወዲህ ግን እኔ ብቻዬን ነኝ። ቤት ስገባ ካፖርቷ በሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ አማርኛ የሚያናግረኝ አንተ ብቻ ነበርክ።

አንድ ቅዳሜ ቀለሆቹ ያሉበትን ቆርቆሮ አንስቼ ሰጠሁህ። "እኔ ተኩስ በቃኝ፣ ውሰዳቸው" አልኩህ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍካቸውና በጣትህ ወዲያ ወዲህ ታደርጋቸው ጀመር። የሮማንን ቀለም የምታይ መስሎኝ ሻይ ልጥድ ተነሣሁ። ለካ ትቆጥር ኖሯል።

መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነበሩ። ሁለት መቶኛዋ ተሞልታ በሮማን ካፖርት ኪስ ውስጥ ነበረች። ለምን እንዳስቀረኋት ታውቃለህ። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን እስከ ዛሬ በአፌ ወጥቶ አያውቅም። መሞት ፈልጌ ነበር፣ ኤርሚ። ይኸው ጻፍኩት። ብዕሩ አልተሰበረም።

የዚያን ሰሞን ላይሰንሴ የሚታደስበት ጊዜ ነበርና ፖሊሱ ምስክር ብዬ ላስመዘገብኩህ ላንተ ደወለ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጨዋ ፖሊሶች መጥተው ጠመንጃዬን ወሰዱ። አንደኛዋ እንዲያውም እግሯን ምንጣፍ ላይ ጠርጋ ነው የገባችው። የጥይት ሳጥኑን አዩ፣ የሴት ካፖርት ኪስ ግን ማን ይፈትሻል? እነሱ እንደወጡ ተነሥቼ ሃርልስደን ቤትህ ድረስ መጣሁ። ደጅህ ላይ ቆሜ የተናገርኩትን አንድ ቃል አልረሳሁም። "ቤቴ በልተህ ጠጥተህ ገመናዬን ለፈረንጅ ፖሊስ ዘረገፍክ። ሮማን ብትኖር ባንተ ታፍር ነበር" አልኩህ። ጎረቤትህ በመስኮት ታየን ነበር። አልታየሽ ከኋላህ አፏን ይዛ ቆማለች። አንተ አልተቆጣህም። "ጋሼ፣ አንዷ የት ናት?" ብቻ አልከኝ።

"የምን አንዷ?" ብዬ ዋሸሁህ።

እውነቱን ልንገርህ፤ የተናደድኩት ገመናዬን ስላወጣህ አልነበረም። ስላየኸኝ ነው። ሁሉም ሰው ያመነኝን ውሸት አንተ አላመንክም። የአርባ አንድ ሰው ቀለሁን ለሰው እንደማይሰጥ፣ ከሰጠም ቆጥሮ እንደማያጎድል የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርክ። አንድ ማንም የማያየው ጥግ ነበረኝ፣ እዚያ ድረስ ገብተህ አገኘኸኝ። አፈርኩ። ኀፍረቴን ስድብ አድርጌ ደጅህ ላይ ደፋሁት።

በማግስቱ ካፖርቱን አወረድኩት። ጠመንጃዋ ከሄደች በኋላ አንዲት ጥይት ምን ልታደርግልኝ ነበር? ግን ኪሱ ውስጥ እስካለች ድረስ የሞት በር ገርበብ እንዳለ ይሰማኝ ነበር። ያንተ "አንዷ የት ናት" ደግሞ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አንተ ባሳየኸኝ መፍቻ አረሩን ነቀልኩት፣ ባሩዱን በረንዳው ላይ ያለው የሮማን ጤና አዳም ላይ በተንኩት። ለተክል ይስማማል ብለኸኝ ነበር አይደል? ጤና አዳሙ አለ፣ አልሞተም። መጥቼ ይህን ልነግርህ ይገባ ነበር። ኩራት ነው የያዘኝ፤ ቆይቶ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ አሳፈረኝ፣ እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት ሞላኝ።

እንግዲህ ማክሰኞ። ኬንቲሽ ታውን ፌርማታ ላይ የአውቶቡሴን በር ስከፍት አልታየሽ ገባች። "ጋሽ ባዩ! አንተ ነህ እንዴ?" ብላ የኦይስተር መሳፈሪያ ካርዷን ሳታስነካ ቆማ ቀረች፣ ከኋላዋ ሰው ይጉረመረማል። የምትወርድበትን አልፋ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብራኝ ሄደች። እዚያ ሞተሩን አጥፍቼ ከሹፌር ሳጥኔ ወጣሁ።

"ኤርሚ እኮ ተኩስ ካቆመ አራት ዓመቱ ነው" አለችኝ። "ያንተ ቆርቆሮ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ቤቱን ፔንት ስናደርግ እንኳ አላስነካንም። አንድ ቀን 'ካልሠራህበት ለቻሪቲ ልስጠው?' ብለው 'አንዷ ትጎድላለች' ብሎ ጮኸብኝ። እኔ አይገባኝም ጋሼ። ምንድን ናት አንዷ?"

እሷ ቀጠለች። "ፖሊሱ የደወለ ቀን አጠገቡ ነበርኩ። ስፒከር ላይ ነበር። 'ጓደኛህ ደህና ነው?' አለው። ኤርሚ 'ኖ' አለ። 'ምን አይተህ ነው?' ሲለው 'ቀለሆቹን ሰጠኝ' አለው። ፖሊሱ አልገባውም፣ 'ባዶ ቀለህ ቢሰጥህ ምን አለበት?' አለው። ኤርሚ እንዴት ያስረዳው? ማልቀስ ጀመረ። ልቅሶውን ሲሰማ ነው ፖሊሱ 'በቃ፣ ነገ ሄደን ቼክ እናደርጋለን' ያለው።"

የሚቀጥለው ጉዞዬ ሰባት ደቂቃ ዘገየ። ተቆጣጣሪው ሲጠይቀኝ ትራፊክ ነው አልኩት።

ኤርሚ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አንተ በእንግሊዝኛ ተቀምጠህ ስለ እኔ ያወራህ፣ ያብራራህ፣ የሸጥከኝ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ቃል ነው የተናገርከው። ሁሉም "ተመስገን" ብሎ ባለፈበት ጊዜ አንተ "አይደለም" አልክልኝ። በሕይወት ያለሁት በዚያች ቃል ነው፤ አመሰግንሃለሁ። ይቅርታም አድርግልኝ። ይህን ሁለቱን ለመጻፍ ነው ይህን ያህል ወረቀት የፈጀሁት።

ማመልከቻውን አልልከውም። ጠመንጃ ባይኖረኝም ይሻለኛል፤ ሐኪሙ ደህና ነህ ቢለኝም እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። ስምህን ግን ጽፌበታለሁ፣ በደንብ የሚያውቀኝ ሰው የሚለው መስመር ላይ። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው፤ ይቆይ።

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ወደ ሃርልስደን እመጣለሁ፣ እንደ ተሳፋሪ። ደጅህ ላይ የተናገርኩትን እዚያው ደጅህ ላይ ቆሜ መልሼ አነሣዋለሁ፣ ጎረቤትህም በመስኮቷ ትስማ። ባትከፍትልኝ አልቀየምህም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እመጣለሁ። ከከፈትክልኝ ቆርቆሮውን አውርደው። ሜዳ ሄደህ ትተኩሳለህ፣ እኔ ሣር ውስጥ ተንበርክኬ እለቅምልሃለሁ፤ ለዚያ ላይሰንስ አያስፈልግም።

አሁን ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው። ቀይዋ ቀለም ትንሽ ተፍቃለች። አንዷ የት ናት ብለኸኝ ነበር።

ይቺውልህ። ባዶ ናት።

ጋሼ የምትለው
ባዩ
አርችዌይ